አንድ የወንጌል ቃል በጣና ዙሪያ

የሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 4 ጌታ በሰንበት ቀን ወደ ናዝሬት ምኩራብ ገብቶ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ እንዳነበበ ይተርካል። የተነበበው ክፍል የእግዚአብሔር መንፈስ ያደረበትን፣ ለድሆች የምሥራች እንዲያበስርና ለታሰሩት መፈታትን እንዲያውጅ የተቀባውን የሚናገር ነው። ንባቡ ሲያበቃ ጌታ መጽሐፉን አጥፎ ለአገልጋዩ መለሰ፤ የተጻፈውም በዚያች ዕለት መፈጸሙን ለተሰበሰቡት ነገራቸው። በግዕዙ ወንጌል የመቀባቱ ነገር የተነገረው «ቀብዐ» በሚል አንድ ግስ ነው።

ይህ ግስ በኢትዮጵያ ሊቃውንት መካከል ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጉባኤ ሲያስጠራ ኖሯል። የተቀባው ማን ነው? መለኮት ነው ቢባል መለኮት የሚጎድለው፣ የሚጨመርለትም ነገር የለም፤ ሥጋ ብቻውን ነው ቢባል አንዱን ክርስቶስ ለሁለት መክፈል ይመጣል። ቅብዐቱስ ምንድን ነው፤ መንፈስ ቅዱስ ነው ወይስ ሥጋን የተዋሐደው ቃል ራሱ? በመቀባቱስ ምን አገኘ? በነዚህ ጥያቄዎች መልስ ምክንያት ነገሥታት ተጣልተዋል፣ ገዳማት ተለያይተዋል፣ የሰው ደምም ፈስሷል።

ተከራካሪዎቹ ሁሉ የያዙት ግን አንድ መጽሐፍ ነው። የሚያነቡት ያንኑ የግዕዝ ወንጌል ነበር፤ ለምስክርነት የሚጠሩትም ያንኑ የአበው ትምህርት ስብስብ ሃይማኖተ አበውንና ያንኑ የእስክንድርያውን ሊቅ የቄርሎስን መጽሐፍ ነው። በጣና ደሴት ገዳም በክብራን ገብርኤል ተጠብቆ የኖረው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈው ባለ ሥዕል ወንጌል ለሁሉም ወገን እኩል ወንጌል ነበር። ስለዚህ የልዩነቱን መነሻ ከብራናው ላይ መፈለግ አያዋጣም፤ አንባቢው ወደ ብራናው ይዞት ከመጣው ጥያቄ ውስጥ ነው ያለው።

የክርክሩ አገር የጣና ዙሪያ ነው። ከባሕር ዳር የሚነሣው ጀልባ ቁንዝላን አልፎ፣ በጣቁሳ ወረዳ ያለችውን ደልጊን ነክቶ ጎርጎራ ይደርሳል። በደልጊ ቆሞ ለሚያይ ሰው፣ ከሐይቁ በስተ ደቡብ የቅብዐት መምህራን አገር ጎጃም፣ በስተ ሰሜን ደምቢያና የጉባኤያቱ ከተማ ጎንደር አሉ። በስተ ምሥራቅ ዳር ዳሩን ሲኬድ የካቶሊክ መነኮሳት ግንብ የሠሩባት ጎርጎራ ትገኛለች። የነገሥታቱን አስክሬንና የሊቃውንቱን መጻሕፍት የሚጠብቁት ደሴቶች መካከል ላይ ናቸው። ካቶሊኮችን ያስወጡት የዐፄ ፋሲለደስ አስክሬን ያረፈው ከእነዚህ ደሴቶች በአንዱ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ነው።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ወንጌልን የሚተረጉሙበት መንገድ ለብዙ ፍች በር የከፈተ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል። መምህሩ የግዕዙን ንባብ ያነባል፣ ነጠላ ትርጉሙን በአማርኛ ያወርዳል፤ ከዚያ «አንድም» እያለ ሌላ ፍች፣ ሌላ ምሳሌ፣ ሌላ ታሪክ ያክልበታል። ደቀ መዝሙሩ ዓመታት ተቀምጦ ይህን ሁሉ በቃሉ ይይዛል። ትርጓሜው ስሙን ያገኘው ከዚያች ቃል ነው፤ አንድምታ። በጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት የተባሉ ሁለት የትርጓሜ ወገኖች ሲኖሩ፣ በብዙ ንባብ ላይ የየራሳቸውን ፍች እያስተማሩ አንዱ ሌላውን መናፍቅ ሳይል ኖረዋል። ብዙ ሃሳብ በአንድ ጉባኤ ተከባብሮ የሚቀመጥበት እንዲህ ያለ ሥርዓት የአገሪቱ ትልቅ የአእምሮ ሀብት ነው፤ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ (ሉቃስ 10) ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከጥንት አበው ጀምሮ በሰፊው የተሰበከው ፍች እንዲህ ይላል፦ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደው ሰው ከገነት የወጣው አዳም ነው፤ ወንበዴዎቹ አጋንንት፣ ካህኑና ሌዋዊው ማዳን ያልቻሉት ኦሪትና ነቢያት፣ ሳምራዊው ጌታ፣ የእንግዳ ማረፊያው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ኦሪጀንም አውግስጢኖስም በዚህ መንገድ ሄደዋል፤ የኢትዮጵያ ትርጓሜም ከዚሁ ዘመድ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ካልቪን ይህን አነባበብ አልተቀበለም። ጌታ የተጠየቀው ባልንጀራ ማን እንደሆነ ስለሆነ መልሱም ለተቸገረ ሁሉ ስለመድረስ ብቻ ነው አለ። ዛሬ በኢትዮጵያ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መድረክ የሚሰማው ስብከት በአብዛኛው የካልቪንን መንገድ ይከተላል። የኦርቶዶክሱ መምህር ግን ሁለቱን «አንድም» ብሎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይችላል፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ግድ አይሆንበትም።

እንዲህ ባለው ንባብ ላይ የሃይማኖት ድንበር ብዙም አያግድም። እንግሊዛዊው የአንግሊካን ካህን ሮጀር ካውሊ የአንድምታን ምንጮች ዓመታት ሲመረምር ቆይቶ፣ ከምንጮቹ አንዱ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበረው ኢብን አጥ-ጠይብ መሆኑን አሳይቷል። ኢብን አጥ-ጠይብ የምሥራቅ ሶርያ፣ በኢትዮጵያ አጠራር የንስጥሮስ ወገን ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበር። በዓረብኛ የጻፈው የወንጌል ትርጓሜ ወደ ግዕዝ ተመልሶ የንስጥሮስን ስም በውግዘት በምትጠራ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ውስጥ ትምህርት ሆኗል። ዘሩ፣ ወጭቱ፣ መረቡ፣ ወይኑ ሲተረጎም የማን ወገን ነህ ተብሎ አልተጠየቀም። ጥያቄው የሚነሣው ንባቡ የክርስቶስን ማንነት ሲነካ ነው፤ እዚያ ላይ «አንድም» ይቆማል።

ለምን እንደሚቆም ለማወቅ ወደ 4ኛው ክፍለ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታ እርሱና አብ አንድ መሆናቸውን ይናገራል፤ በምዕራፍ 14 ደግሞ አብ ከእርሱ እንደሚበልጥ። አርዮስ ሁለተኛውን ዋና አድርጎ ይዞ የመጀመሪያውን በእርሱ ፈታ፤ ወልድም ፍጡር ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን ከወሰነ በኋላ፣ የመብለጡ ቃል ሰው ስለ መሆኑ የተነገረ ሆኖ ተፈታ። ከአበው አንዳንዶቹ ግን አብ የመገኛነት ክብር ስላለው ነው ብለው ሌላ መንገድ አሳይተዋል። የትኛው ጥቅስ የትኛውን ይፈታል የሚለው ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በክርስትና ውስጥ ከተነሡት ክርክሮች ሁሉ ሥር አለ።

የመቀባቱም ነገር ያኔ ተነሥቶ ነበር። አርዮሳውያን፣ ወልድ ከባልንጀሮቹ ይልቅ በደስታ ዘይት እንደተቀባ የሚናገረውን መዝሙር እየጠቀሱ፣ የተቀባ ሁሉ ከፍ ከፍ የተደረገ ነው፣ ከፍ የሚደረግም መጀመሪያ ዝቅ ያለ ነው ብለው ተከራከሩ። አትናቴዎስ ሲመልስ፣ ቀዳሹ ራሱ ቃል ነው፤ የተቀባው ሰው በመሆኑ ነው፤ የተቀባውም ለራሱ ጎድሎት ሳይሆን ለእኛ ሲል ነው አለ። በዮርዳኖስ የወረደው መንፈስም በእርሱ ሥጋ በኩል በሰው ሁሉ ላይ እንደወረደ አድርጎ ፈታው። ቄርሎስ ይህን አጠንክሮ፣ አዳም ያጣውን መንፈስ ሁለተኛው አዳም ለባሕርያችን መልሶ ተቀበለልን ብሏል። ሄሬኔዎስና ባስልዮስ ግን ክርስቶስ የሚለው ስም ራሱ ሥላሴን ያሳያል ብለው ጽፈዋል፤ ቀቢው አብ፣ የተቀባው ወልድ፣ ቅብዐቱ መንፈስ ቅዱስ ነው። እነዚህ ሁለት የአበው አነጋገሮች ብዙ ዘመን አብረው ኖረዋል። በኋላ በኢትዮጵያ አንዱ ለአንድ ወገን፣ ሌላው ለሌላው ወገን መሣሪያ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ደግሞ ሌላውን መለያየት አመጣ። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ልዮን በላከው መልእክት ላይ፣ ስለ ወዳጁ ስለ አልዓዛር ማልቀስና ያንኑ አልዓዛርን ከመቃብር መጥራት የአንድ ባሕርይ ሥራ አይደለም፤ አንዱ የሥጋ ነው፣ ሌላው የመለኮት ነው የሚል ሃሳብ ሰፍሯል። ከአብ ጋር አንድ የመሆኑንና አብ የመብለጡንም ቃል በዚሁ ሚዛን አካፈላቸው። ለኬልቄዶናውያን ይህ ሁለቱም ባሕርያት በአንድ አካል ሳይጠፉ መኖራቸውን የሚያስረዳ ግልጽ አነጋገር ነበር። የእስክንድርያን ትምህርት ለያዙት፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ ይህ ክርስቶስን መክፈል ነው። በዮሐንስ 11 ያለቀሰውም የጠራውም አንዱ ሥግው ቃል ነው፤ በእሳት የጋለ ብረት ሲመታ ብረቱንና እሳቱን ለየብቻ መምታት እንደማይቻል ሁሉ፣ ሥራውም አይከፋፈልም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የልዮን ስም በእርግማን የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሩቅ ክርክር ወደ ጣና የመጣው ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ከሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ጋር ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. የእምነት መግለጫቸውን ጽፈው ለመጀመሪያዎቹ መልስ ሰጥተው ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ በ1595 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ አጥንቶ በአገሩ ቋንቋ የሚከራከር፣ በጎርጎራም ለዐፄ ሱስንዮስ ግንብ ያነፀ ሰው ነው። ከእርሱ ሥራ ጋር የሚያያዘው ፍርስራሽ ማርያም ግንብ በሚባለው ስፍራ ይታያል። ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በግልጽ ተቀበሉ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። በ1617 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። በየካቲት 1618 ዓ.ም. በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማው ሊቀ ጳጳስ ታማኝነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ።

ያ መሐላ የቆመው በማቴዎስ 16 ላይ ነው፤ ጌታ ጴጥሮስን ዐለት ብሎ ቤተ ክርስቲያኑን በዚያ ዐለት ላይ እንደሚሠራ የተናገረበት ክፍል ነው። ለሮማ ዐለቱ ጴጥሮስና በመንበሩ የሚተኩት ናቸው። ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ዐለቱ ጴጥሮስ የመሰከረው እምነት ነው፤ የማሰርና የመፍታት ሥልጣኑም በማቴዎስ 18ና በዮሐንስ 20 ለሐዋርያት ሁሉ ተሰጥቷል። ሮማ እጅግ የምታከብረው ሊቅ አውግስጢኖስ በእርጅናው የራሱን መጻሕፍት ሲመረምር፣ አንድ ጊዜ ዐለቱን ጴጥሮስ፣ ሌላ ጊዜ ክርስቶስ ብሎ እንደፈታ አስታውሶ የሚሻለውን አንባቢው ይምረጥ ብሏል። «አንድም» ማለት ይኸው ነው። በደንቀዝ ግን ለአንባቢው ምርጫ አልተሰጠም። ቅዳሴው ተለወጠ፣ ምእመናን እንደገና ተጠመቁ፣ ካህናት እንደገና ተሾሙ። አገሩም ተነሣ። በሰኔ 1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አወጁ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም ነግሠው መነኮሳቱን አስወጡ።

መነኮሳቱ ሲሄዱ ጥያቄያቸው ቀረ። በአገር ቤት በሚተረከው ታሪክ ካቶሊኮቹ፣ ሥጋ ከቃል ጋር በመዋሐድ ብቻ የሚከብር ከሆነ በመንፈስ ቅዱስ መቀባት ለምን አስፈለገው ብለው ጠይቀዋል። ለሮማ ሊቃውንት መልሱ የተዘጋጀ ነበር፤ ቶማስ አኲናስ የተዋሕዶን ጸጋ፣ ተዋሕዶውን ተከትሎም የክርስቶስን ሰብአዊ ነፍስ የሞላውን የመንፈስ ቅዱስ ጸጋ ለይቶ አስተምሯል። በኢትዮጵያ ሊቃውንት መካከል ግን ይህ አከፋፈል የተለመደ ስላልነበረ መልሱ በሦስት መንገድ ሄደ።

የመጀመሪያው የቅብዐት መንገድ ነው፤ ዋና ደጋፊዎቹ በጎጃም የነበሩት የኤዎስጣቴዎስ ልጆች፣ ማለትም የእርሱን ሥርዓት የተከተሉ መነኮሳት ናቸው። ለእነርሱ የሉቃስ 4 ንባብና በሐዋርያት ሥራ 10 ጴጥሮስ የመሰከረው ቃል በግልጽ ይናገራሉ፤ አብ በመንፈስ ቅዱስ ቀባው። ስለዚህ ሥጋ የከበረው፣ የባሕርይ ልጅም የሆነው በቅብዐት ነው። ይህ የሆነው በዮርዳኖስ ሳይሆን ገና በማኅፀን ቃልና ሥጋ በተዋሐዱበት ቅጽበት ነው። ለዚህ መንገድ ከተሰጠው ቅጽል ስም ባሻገር የሚያይ ሰው ዋና ጭንቀቱን ይረዳል፤ መንፈስ ቅዱስ ከሥጋዌ ምሥጢር ውጭ እንዳይቀር ነው።

ሁለተኛው የተዋሕዶ መንገድ ነው። ሥጋ የከበረው ቃል ስለተዋሐደው ነው፤ የቃል ገንዘብ ሁሉ በተዋሕዶ ለሥጋ ሆኗል። ይህ ከሆነ ሌላ አክባሪ አይፈለግም፤ መቀባት ማለት መዋሐድ ማለት ነው፤ ለሥጋው ቅብዐት የሆነውም ወልድ ራሱ ነው። ናዝሬት ላይ ስለ መንፈስ የተነገረው ቃል ሰው የመሆኑን ነገር የሚያስረዳ ነው። የእነዚህ ጭንቀት ደግሞ ከአትናቴዎስ ጋር አንድ ነው፤ ክርስቶስ ከውጭ በመጣለት ስጦታ ያደገ ሰው እንዳይመስል።

ሦስተኛው የጸጋ መንገድ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለተዋሕዶ ሲከራከሩ ከኖሩት የደብረ ሊባኖስ ገዳም ልጆች መካከል በኋላ ብዙዎቹ ወደዚህ አዘነበሉ። ከአብ ያለ እናት፣ ከእናት ያለ አባት ከሚለው ሁለት ልደት ላይ ሦስተኛ ልደት ጨመሩ። ክርስቶስ በሰውነቱ በመንፈስ ቅዱስ ተቀብቶ የጸጋ ልጅ ሆነ፤ በዚህም ለሰው ልጆች በኩርና ወንድም ሆነ አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ይህን ሦስት ልደት ብለው አወገዙት፤ እነርሱም የተዋሕዶን ወገን ካራ አሉት።

ሦስቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ ሁሉም ከአንዱ ግስ ጀርባ ሌላ ጥቅስ እንዳቆሙ ይታያል። ቅብዐት የሐዋርያትን ሥራ፣ ተዋሕዶ ቃል ሥጋ መሆኑን የሚያበሥረውን ዮሐንስ 1ን፣ ጸጋ ደግሞ ጌታን የብዙ ወንድሞች በኩር የሚለውን የጳውሎስን ቃል። በንባብ ደረጃ ሲመዘን የተዋሕዶ ፍች አብላጫ ኃይል አለው፤ የሥጋዌን ነገር ሁሉ በአንድ መሠረት ላይ ያቆማል፣ ከአትናቴዎስና ከቄርሎስ ጋርም ይገጥማል። የቅብዐት ጥያቄ ግን በዚህ ከንቱ አይሆንም። ሉቃስ መንፈስ ቅዱስን በብሥራቱ፣ በጥምቀቱ፣ በምድረ በዳውና በናዝሬት ደጋግሞ የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለምና።

የሚያሳዝነው፣ መልሱ በጉባኤ ሚዛን ብቻ አለመፈለጉ ነው። ነገሥታት የትኛው ወገን ዙፋናቸውን እንደሚደግፍ እያዩ ፈረዱ፤ አንዱ የሻረውን ሌላው መለሰ። በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን፣ በ1713 ዓ.ም. ገደማ፣ ቅብዐትን የደገፈውን የቤተ መንግሥት ውሳኔ ያልተቀበሉ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጎንደር በወታደሮች ተገደሉ። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ወንጌሉን በቃላቸው የያዙ እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም። ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ ከአቡነ ሰላማ ጋር ሆነው ተዋሕዶን አጸኑ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ባደረጉት ጉባኤ ደግሞ ሦስት ልደት ተወገዘ፤ የተዋሕዶ ትምህርት የቤተ ክርስቲያኒቱ ብቸኛ ትምህርት ሆነ። የቅብዐት ስምና ክርክር ግን በምሥራቅ ጎጃም አንዳንድ አካባቢዎች እስከ ቅርብ ዘመን ይነሣል።

ኢየሱሳውያን ያነሡት ሌላው ክርክር በሕግ ላይ ነበር። በማቴዎስ 5 ጌታ ሕግን ሊሽር ሳይሆን ሊፈጽም መምጣቱን፣ ከሕግም አንዲት የውጣ እንደማትወድቅ ይናገራል። ኢየሱሳውያን ከመምጣታቸው ብዙ አስቀድሞ፣ የቅዳሜን ሰንበት ክብር የሚያስተምሩት የኤዎስጣቴዎስ ልጆች በዚህ ጥቅስ ቆመው ነበር። የውጣ በቁጥር አሥር ስለሆነች ዐሥሩን ቃላት፣ በመካከላቸውም ቅዳሜን ታመለክታለች ተባለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱን ሰንበታት አጸኑ። ለኢየሱሳውያን ግን ያው ጥቅስ ፍጻሜው ክርስቶስ ስለሆነ ጥላው አልፏል ማለት ነበር፤ ቅዳሜን ማክበርንም ወደ አይሁድ መመለስ አድርገው አዩት። ገላውዴዎስ ለዚህ አስቀድመው መልሰዋል፦ ቅዳሜ የሚከበረው እንደ አይሁድ አይደለም፤ የእርያ ሥጋም የማይበላው በሕግ ታስሮ ሳይሆን በልማድ ነው።

የዚህ ክርክር ጥላ እስከ ዓሣ መረብ ይደርሳል። በማቴዎስ 13 ጌታ መንግሥተ ሰማያትን በባሕር ከተጣለ መረብ ጋር አመሳስሎ፣ ጥሩው ዓሣ በዕቃ ሲሰበሰብ መጥፎው ወደ ውጭ እንደሚጣል ይናገራል። መጥፎው የቱ ነው? ኦሪት ዘሌዋውያን 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ስለሚከለክል፣ ለገሊላ አጥማጆች መለየቱ ይህን ማለት ሳይሆን አይቀርም። በጣና ዳር ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ቆሮሶ በሚበላበት ቤት ቅርፊት የሌለው አምባዛ በሃይማኖት ልማድ የማይነካበት ብዙ ነው። ለአውሮፓ ሰባኪ መጥፎው ዓሣ የበሰበሰ ወይም የማይሸጥ ዓሣ ብቻ ነው። በማርቆስ 7 ወደ አፍ የሚገባ ሰውን እንደማያረክስ የተነገረውን ጥቅስ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት የምግብ ሕግ መሻሪያ አድርገው ሲያነቡት፣ ኢትዮጵያውያን መምህራን ስለ ልብ ንጽሕና የተነገረ መሆኑን ያጎላሉ።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የወንጌላውያን እምነት ሲስፋፋ ክርክሩ ወደ ሌሎች ጥቅሶች ተሸጋገረ። ጌታ በመጨረሻው ራት ኅብስቱ ሥጋው መሆኑን ተናገረ፤ ለኦርቶዶክስ ይህ አማናዊ ሥጋ ነው፣ ምሳሌ አይደለም። በፕሮቴስታንቱ ወገን ግን አንድ መልስ የለም። እ.ኤ.አ. በ1529 ሉተርና ዝዊንግሊ በማርቡርግ «ነው» በሚለው ቃል ተጣልተዋል፤ ዝዊንግሊ «ያመለክታል» ማለት ነው ሲል ሉተር ቃሉ እንደተነገረ ይያዝ አለ። የሉተርን ወግ የያዘችው፣ በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በዚህ ነገር ከብዙዎቹ የወንጌላውያን ወገኖች ይልቅ ለኦርቶዶክስ የቀረበች ናት፤ ሌሎቹ ራቱን መታሰቢያ አድርገው ይይዙታል። በየመንደሩ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል።

ስለ እመቤታችንም እንዲሁ ነው። በቃና ሰርግ የወይኑን ማለቅ ለልጇ መንገሯ ለኦርቶዶክሱ የአማላጅነቷ ማስረጃ ነው፤ በመስቀሉ ሥር ለዮሐንስ እናት ሆና መሰጠቷም ለምእመናን ሁሉ መሰጠት ነው። ለወንጌላዊው ሰባኪ በቃና ዋናው፣ እርሱ ያላችሁን አድርጉ ማለቷ ነው፤ የመስቀሉም ቃል ልጅ ለእናቱ ያደረገው ጥንቃቄ ነው። የጌታ ወንድሞች የተባሉትን ኤጲፋንዮስ የዮሴፍ ልጆች ሲላቸው ሄሮኒሞስ የእናቱ ዘመዶች ልጆች አላቸው፤ ከፕሮቴስታንቶች ብዙዎቹ እንደ ንባቡ ይወስዷቸዋል። እዚህ ላይ ልዩነቱን የሚወስነው ሰዋስው አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ስትጸልይ የኖረችው ጸሎት ነው። ውዳሴ ማርያምን በየቀኑ የሚደግም ሰው ቃናን የሚሰማበት ጆሮ ሌላ ነው።

«ቀብዐ» ግን እንደገና ተመልሷል። ሉቃስ 4 ለጴንጤቆስጣውያን ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ሳይሆን ስለ አገልግሎት ኃይል የተነገረ ነው፤ ጌታ በተቀባበት መንፈስ አማኙም ይቀባል። በዛሬው የወንጌላውያን አማርኛ «ቅባት ያለው አገልጋይ» የሚለው አነጋገር ከዚህ የመጣ ነው። የተናጋሪዎቹ አብዛኞች ይህ ቃል በጎንደር ጉባኤዎች የነበረውን ታሪክ ሳያውቁት ይጠቀሙበታል። በላቲን አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጉስታቮ ጉቲየሬዝ የሚጠሩት የነጻነት ሊቃውንት ከዚያው ጥቅስ ድሆቹንና የታሰሩትን አጎልተው አነበቡ። የጣና ሊቃውንት «ቀባኝ» ላይ ሲቆሙ ለድሆች የሚለውን ቃል ብዙም አልተከራከሩበትም፤ በጉባኤዎቹ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የሚታይ ጉድለት ይህ ነው።

የኬልቄዶን ልዩነትም በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና ተመርምሯል። በጥር 1957 ዓ.ም. ኬልቄዶንን የማይቀበሉት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ኬልቄዶንን የሚቀበሉትና የማይቀበሉት የሁለቱ የኦርቶዶክስ ወገኖች ሊቃውንት በዴንማርኳ ኦርሁስ የጀመሩት ውይይትም በጥር 1963 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ፣ የተላለፉት ውግዘቶች ስለሚነሡበት መንገድ ተነጋገረ። ሊቃውንቱ፣ አንድ ባሕርይ የሚሉትም ሁለት ባሕርይ የሚሉትም ስለ አንዱ ክርስቶስ ያላቸው እምነት በመሠረቱ አንድ መሆኑን በጋራ ጽፈዋል። ቁርባናቸው ግን እስከ ዛሬ የየብቻ ነው።